ብርሃን ከፊት ብቻ ሲመጣ ዕቃው ይደበቃል፦ ጥላ የሌለው ፎቶ ሐቀኛ ነው ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ገበያ ውስጥ ጀበና የሚመርጥን ሰው ልብ ብላችሁ እዩት። አንስቶ ያገላብጠዋል፤ ሆዱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ ይታፈናልና። ነጠላ የምትገዛ ሴት ጨርቁን ዘርግታ ወደ ብርሃን ታነሳዋለች፤ ሽመናው ሳሳ ይበል ጠበቅ የምታውቀው እንደዚያ ነው። በስልክ አይታ የምትገዛዋ ግን ይህን ሁሉ ማድረግ አትችልም። ዕቃውን በእሷ ፈንታ የሚያገላብጥላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ብርሃኑ የመጣበት አቅጣጫ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ሰሞኑን የባህል ዕቃ ነጋዴዎች እርስ በርስ የተቀባበሉት አንድ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ዕቃቸውን ራሳቸው ፎቶ ለሚያነሱ ሻጮች ምክር ሰጥተዋል። ስልኩ እንዳይንቀጠቀጥ ማቆሚያ ይኑራችሁ፣ ሌንሱን ጥረጉ፣ ከዕቃው በስተጀርባ የሚታየው ነገር ንጹሕ ይሁን ማለታቸው ትክክል ነው፤ ምክሩም በቅን ልብ የተሰጠ መሆኑን አልጠራጠርም። ስለ ብርሃን አቅጣጫ የጻፉት ግን ሻጩንም ገዢውንም የሚጎዳ ነው። ሐሳባቸው በአጭሩ ሲቀመጥ ይህን ይመስላል፦ ከፊት የሚመጣ ብርሃን ከሁሉም ይበልጥ ሐቀኛ ነው፤ ጥላ እንደ ቆሻሻ መጥፋት አለበት፤ መብራትን ወደ ጎን ማውጣት ግድ ከሆነ 45 ዲግሪ ለሁሉም ዕቃ ይበቃል፤ የጎን ብርሃን ያጋንናል፤ የቀረውን መተግበሪያ ያስተካክለዋል፤ ውጭ ስታነሱ ደግሞ ከቀትር ፀሐይ ሽሹ። ላለፉት 11 ዓመታት እንጀራዬ ዕቃ ፎቶ ማንሳት ነው። ስለዚህ በየተራ ልመልስ።

«ከፊት የሚመጣ ብርሃን ምንም አይደብቅም»

ስህተቱ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መብራቱ ካሜራው ባለበት ሲቆም ሌንሱ የሚያየውን ሁሉ ብርሃኑም ያየዋል። ጥላው የሚወድቀው ከዕቃው በስተጀርባ፣ ሌንሱ ሊደርስበት በማይችልበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጥላ ጠፋ የሚባለው ከእኛ ስለተሰወረ ነው። ፎቶ ደግሞ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ዓይናችን በፎቶ ላይ ክብ የሆነውን ከዝርግ፣ ጎድጓዳውን ከጉብታ የሚለየው በአብዛኛው ብርሃን ወደ ጨለማ በሚሄድበት መንገድ ነው። ያንን መንገድ ስናጠፋው ሆዱ የሞላ ጀበና ከጥቁር ወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

ሙሉ ጨረቃን አስቡ። ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ከኋላችን ሆና ፊት ለፊት ታበራታለች፤ የምናየውም ዝርግ ሰሐን ነው። ግማሽ ስትሆን ግን ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ትንሽ መነጽር የያዘ ሰው ተራሮቿንና ጎድጓዶቿን አንድ በአንድ ያያቸዋል። ተራራው ያው ነው፤ የተለወጠው ብርሃኑ የሚያርፍበት ማዕዘን ነው። ሰማይን የሚመለከቱ ሰዎች የጨረቃን ገጽ ለማጥናት ሙሉ የምትሆንበትን ሌሊት የማይመርጡት ለዚህ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ መሶብን እንውሰድ። መሶብ የሚሰፋው ስንደዶው እየተጠቀለለ፣ በአክርማ እየተያዘ፣ ዙር በዙር ላይ እየተደረበ ነው። እያንዳንዱ ዙር ትንሽ ጉብታ፣ በሁለት ዙሮች መካከል ያለው ደግሞ ትንሽ ቦይ ነው። ከፊት ስታበሩት የሚቀራችሁ የቀለሙ ጥለት ብቻ ነው፤ በወረቀት ላይ ከታተመ ሥዕል አይለይም። መብራቱን ወደ ጎን ብታወጡት የእያንዳንዱ ዙር ጀርባ ይበራል፣ ቦዩ ይጠቁራል፤ ገዢዋም ዙሮቹ እኩል መሆናቸውን፣ የሰፊዋ እጅ ጠበቅ ያለ መሆኑን ታያለች። ለወራት የተሰፋ መሶብ ከፋብሪካ ዕቃ በበለጠ ዋጋ መሸጥ ያለበት ለዚህ ሥራ ሲባል ነው። ከፊት የሚመጣው ብርሃን የሚደብቀውም ይህንኑ ሥራ ነው።

አንድ የራሴን ነገር ልጨምር። ሥራውን በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት የአንዲት ሻጭ ጀበናዎችን አነሳሁ፤ ጊዜ ስላልነበረኝ ሁሉንም በካሜራው ፍላሽ ከፊት አነሳኋቸው። ፎቶዎቹ ንጹሕና ብሩህ ነበሩ፤ ሻጯም ተደሰተች። ከአንዱ ጀበና አንገት ሥር የጀመረ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ግን እኔም አላየሁትም፣ እሷም አላየችውም። ገዢዋ ቡና ስታፈላበት አንጠባጠበ፤ መለሰችው፤ ሻጯ ገንዘቡንም ስሟንም አጣች። ጀበናውን ተቀብዬ በስልኬ ባትሪ ከጎን ባበራሁበት ጊዜ ስንጥቁ እንደ ጥቁር ክር ጎልቶ ታየ። ሐቀኛ የተባለው ብርሃን ሐሰት ያናገረኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሸክላ ከማንሳቴ በፊት በጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ ይዤ እዞረዋለሁ።

«ጥላ ቆሻሻ ነው»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ያምታታሉ፤ የብርሃንን አቅጣጫና የብርሃንን ልስላሴ። ከጎን የመጣ ብርሃን ሁሉ እንደ ቢላዋ የተቆረጠ ጥላ ያመጣል ብለው ያስባሉ፤ መፍትሔውም በነጭ ጨርቅ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ከየአቅጣጫው እኩል ማብራት ነው ይላሉ። የጥላን ጠርዝ የሚያጠነክረው ወይም የሚያለሰልሰው ግን ብርሃኑ ከዕቃው ሆኖ ሲታይ ያለው ስፋት ነው። ፀሐይ ምን ያህል ግዙፍ ብትሆን ከምድር ስትታይ ስፋቷ ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ጥላዋ የሚጠነክረው ስለዚህ ነው። ሰማዩ ሲደምን ግን ብርሃኑ ከሰማዩ ሁሉ ይመጣል፤ ጥላው ይለሰልሳል። ትልቅ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ጀበና ከአንድ ወገን ብቻ የሚመጣ፣ ግን ለስላሳ ብርሃን ያገኛል። መስኮቱ ላይ ነጭ ነጠላ ብትሰቅሉ ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳል። አቅጣጫውን ሳታጠፉ ጥላውን ማለስለስ ይቻላል ማለት ነው።

ዕቃው ጠረጴዛው ላይ የሚጥለውን ጥላ ስለማጥፋት ብዙ አልልም። እግሩ ሥር ጥቂት ጥላ የሌለው ዕቃ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፤ መጠኑንም መገመት ያስቸግራል። ያንን ጥላ ተዉለት።

«45 ዲግሪ ለሁሉም ይበቃል»

አይበቃም። ከሁሉም በላይ ማስረዳት የምፈልገውም ይህንን ነው፤ አቅጣጫውን የሚወስነው የዕቃው ገጽ ስለሆነ።

ከሐበሻ ቀሚስ እንጀምር። ጥለቱ ከጨርቁ ከፍ ብሎ የሚታይ የክር ሥራ ነው፤ ለዚህም ከጎን የሚመጣ ብርሃን ይስማማዋል። ነገር ግን ብርሃን የሚያጎላው ከአመጣጡ ጋር የሚሻገሩትን መስመሮች ነው፤ ከእሱ ጋር አብረው የሚሄዱት ጥላ ስለማይጥሉ ይጠፋሉ። በቀሚሱ ፊት ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ጥለት ብርሃን ከግራ ወይም ከቀኝ ሲመጣ ይጎላል። በቀሚሱ ጫፍ ዙሪያውን የሚዞረው ጥለት ግን በዚያው ብርሃን ይተኛል፤ እሱን የሚያነሳው ከላይ የሚወርድ ብርሃን ነው። ስለዚህ ለአንድ ቀሚስ ሁለት ፎቶ፣ በሁለት አቅጣጫ። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ ቀኑን ሙሉ ለሠራው ሥራ ይህ ብዙ ልፋት አይደለም። ነጠላ ሲሆን ደግሞ መብራቱ ከኋላ ይሂድ፤ ስስነቱ፣ ገበያ ውስጥ ወደ ብርሃን አንስተን የምናየው ያ ነገር፣ የሚታየው ብርሃኑ በውስጡ ሲያልፍ ብቻ ነው።

የብር መስቀል ሌላ ዓለም ነው። የተወለወለ ብር መስታወት ነው፤ በፎቶ የምታዩት በዙሪያው ያለውን ክፍል ነው። ብርሃን በገባበት ማዕዘን ይመለሳልና መብራታችሁን በ45 ዲግሪ ግራ አቁማችሁ ካሜራውን ፊት ለፊት ብታደርጉ ብርሃኑ ወደ ቀኝ ነጥሮ ይሄዳል፤ ወደ ሌንሱ የሚመለሰው ጨለማው ክፍል ነው፤ ብሩም ጥቁር ብረት ይመስላል። ብዙ ሻጮች «ካሜራዬ ብርን አያነሳም» ብለው ይነግሩኛል። ካሜራው ምንም አላጠፋም። አንድ ትልቅ ነጭ ካርቶን ውሰዱና መስቀሉ «የሚያየው» ቦታ ላይ አድርጉት፤ ማለትም ከሌንሱ ተነስቶ መስቀሉ ላይ የነጠረ መስመር በሚደርስበት ቦታ። መብራቱን ወደ ካርቶኑ አዙሩት። ብሩ ወዲያው ብር ይሆናል። በላዩ የተቀረጸው ሐረግ እንዲጠቁርና እንዲነበብ ካርቶኑን ጥቂት ወደ ዳር መግፋት ይበቃል።

ብርሌ ከዚህም ይለያል። ጠጅ የያዘ ብርሌ ከፊት ሲበራ አንገቱ ላይ የሚያቃጥል ነጭ ነጥብ ይወጣል፤ ጠጁም ይጠቁራል። መብራቱን ከብርሌው በስተኋላ ባለ ነጭ ወረቀት ላይ አብሩት፤ ጠጁ የማር ቀለሙን ያወጣል። ከብርሌው ግራና ቀኝ፣ ከፎቶው ክልል ውጭ፣ ሁለት ጥቁር ካርቶኖች ብታቆሙ የብርጭቆው ጠርዞች በቀጭን ጥቁር መስመር ይከበባሉ፤ ቅርጹም ከነጩ ወረቀት ተለይቶ ይታያል።

ሳንቲም ደግሞ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጠባይ አለው። አክሱም በ3ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የወርቅና የብር፣ ቆይታም የነሐስ ሳንቲም ሠርታለች፤ በአንዳንዶቹ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ ተለብጧል። የንጉሡን መልክና ፊደሎቹን ለማንሳት ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ገጹን እየዳሰሰ ማለፍ አለበት። ወርቁ ግን በዚያ ብርሃን ከነሐሱ ጋር ተመሳስሎ ይደበዝዛል፤ የሚያበራው ብርሃኑ ነጥሮ በቀጥታ ወደ ሌንሱ ሲመለስ ነው። ለዚህ ባለሙያዎች በካሜራውና በሳንቲሙ መካከል ንጹሕ መስታወት በ45 ዲግሪ አጋድመው ከጎን የመጣውን ብርሃን ወደ ታች ያወርዱታል፤ ካሜራው በዚያው መስታወት ውስጥ አልፎ ያያል። ጸሐፊው የወደዱት 45 ዲግሪ እዚህ ቦታ አለው፤ የሚጋደመው ግን መስታወቱ ነው።

ሌላም አለ። ብርሃን በሳንቲሙ ግርጌ በኩል ከመጣ ጎልቶ የወጣው የንጉሡ ፊት ወደ ውስጥ የሰመጠ ይመስላል። ዓይናችን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ አድርጎ መፍረድ ለምዷል፤ ዴቪድ ብሩስተር የተባለው የስኮትላንድ የፊዚክስ ሊቅ ይህንን መገለባበጥ በ1826 ጽፎበታል። በኮምፒውተር የሳተላይት ፎቶ የሚመለከት ሰውም ያጋጥመዋል። በታኅሣሥና በጥር በደጋው አገራችን ላይ የጠዋት ፀሐይ ከደቡብ ምሥራቅ ስለምታበራ፣ ሰሜን ወደ ላይ ሆኖ በተቀመጠ ፎቶ ላይ ብርሃኑ ከታች የመጣ ይሆናል፤ ገደሉ ሸንተረር፣ ሸንተረሩ ገደል ሊመስል ይችላል። የካርታ ሠሪዎች ተራራን ሲያጠቁሩ ብርሃኑ ከላይ ከግራ እንደመጣ አድርገው የሚሥሉት ይህን ለማስቀረት ነው። ስለዚህ ቅርጽ ያለበትን ዕቃ ስታነሱ ብርሃኑ ከላይ ወይም ከላይና ከጎን ይምጣ፤ ከታች አይምጣ።

«የጎን ብርሃን ያጋንናል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው፤ ልክደው አልፈልግም። በጣም ዝቅ ያለ ብርሃን ለስላሳውን ሸካራ፣ አዲሱን ያረጀ ሊያስመስለው ይችላል። ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ ከማርስ የመጣው ነው። ቫይኪንግ 1 የተባለችው መንኮራኩር በሐምሌ 1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሳይዶኒያ የተባለውን አካባቢ ስታነሳ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ነበር፤ የአንድ ኮረብታ ጥላዎች ተገጣጥመው የሰው ፊት መሰሉ። ብዙ ሰዎች ጥንታዊ ሐውልት ነው ብለው ለዓመታት ተከራከሩ። በ1998 እና በ2001 ማርስ ግሎባል ሰርቬየር የተባለችው መንኮራኩር ኮረብታውን በሌላ ብርሃንና እጅግ በጠራ ካሜራ ስታነሳው ፊቱ ጠፋ፤ ተራ ኮረብታ ሆኖ ተገኘ።

ነገር ግን የዚህ ምሳሌ ፍሬ ምንድን ነው? ስህተቱን ያረመው ብርሃኑ ከሌላ አቅጣጫ በመጣበት ጊዜ የተነሳው ተጨማሪ ፎቶ ነው። አንድ አቅጣጫ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል፤ የፊት ብርሃንም አንድ አቅጣጫ ነው። እሱ ሲያሳስት ዝም ብሎ ስለሚያሳስት ግን ማንም አይጠረጥረውም። ለሻጭ የምመክረው ቀላል ነው። የዕቃውን ጠቅላላ መልክ በመስኮት ብርሃን አንሱ፤ ከዚያ ገጹን የሚዳስስ ብርሃን ይዛችሁ ቅርብ ፎቶ ጨምሩ፤ ጉድለት ካለበት ጉድለቱ ይታይ።

«መተግበሪያ ያስተካክለዋል»

መተግበሪያ ፎቶውን ያደምቃል፣ ያጠቁራል፣ በሰው ፊት ላይ ደግሞ የፊትን ቅርጽ ገምቶ ከጎን የበራ ያስመስለዋል። የሚገምተው ብዙ ፊት ስላየ ነው። በእናንተ መሶብ ላይ ያለው ሰባተኛው ዙር ከስድስተኛው ይጠብቅ ይላላ ግን አያውቅም፤ ፎቶው ውስጥ ያልገባ ነገር ከየት ያመጣዋል? ቢያመጣም የፈጠራ ሥራ ነው፤ ገዢዋ የምትከፍለው ደግሞ ላልተፈጠረ፣ በእጅ ለተሠራ ዕቃ ነው።

ብርሃንን ከፎቶ በኋላ መለወጥ የሚችል እውነተኛ ዘዴ አለ፤ አሠራሩን ብታዩት ግን የእኔን ነገር ያጸናል። በ2001 ሂውሌት ፓካርድ በተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ቶም ማልዝቤንደርና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ነው። ካሜራውም ዕቃውም አይነቃነቁም፤ መብራቱ ብቻ በዕቃው ዙሪያ እየዞረ በደርዘን የሚቆጠሩ ፎቶዎች ይነሳሉ። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷ ነጥብ በየአቅጣጫው ምን ያህል እንደበራች አስልቶ፣ ተመልካቹ በስክሪኑ ላይ ብርሃኑን እንደፈለገ እንዲያዞር ያስችለዋል። በ2005 በአቴንስ ሙዚየም በሚገኘው የአንቲኪቴራ ማሽን ላይ፣ ማለትም ከባሕር ሥር በወጣው ጥንታዊ የግሪክ የሰማይ አካላት ማስያ ላይ፣ ይህ ዘዴ ተሠርቶበት በዝገት የተበሉ ጽሑፎችን ለማንበብ ረድቷል። ሶፍትዌሩ ተአምር የሠራው አቅጣጫዎቹ ሁሉ አስቀድመው ስለተነሱለት ነው። የብራና መጻሕፍትን የሚያነሱ ሰዎችም ደነዝ የብረት ጫፍ በብራናው ላይ የጫረውን ቀለም የሌለው የመስመር ምልክት ለማሳየት ብርሃናቸውን ከጎን ዝቅ ያደርጉታል።

«ከቀትር ፀሐይ ሽሹ»

ይህ ምክር ለሰው ፊት ልክ ነው፤ በቀትር ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥላ ይጥላል። ለሁሉም ነገር ሕግ ማድረጉ ግን ፀሐይ ዘወትር አግድም በምትሄድበት አገር የተጻፈ መጽሐፍን መድገም ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ነን። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ከአናታችን ላይ ትቆማለች። ቀጥ ብሎ ለቆመ ድንጋይ ይህ ብርሃን ከላይ ወደ ታች ገጹን እየዳሰሰ የሚወርድ ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ ደክመን የምንሠራው ብርሃን በነጻ ተሰጠን ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ጢያ ሂዱና እዩ። በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ሥፍራ 36 ትክል ድንጋዮች አሉት፤ 32ቱ ቅርጽ አላቸው፤ ሰይፎቹ በጣም የታወቁት ናቸው። ፀሐይ ፊት ለፊት በምታበራው ድንጋይ ላይ ሰይፎቹ ከድንጋዩ ጋር ተመሳስለው ይደበዝዛሉ። ፀሐይዋ ወጥታ ገጹን መዳሰስ ስትጀምር ግን የእያንዳንዱ ሰይፍ ጠርዝ ይጠቁራል፣ ቁጥራቸውንም ከሩቅ መቁጠር ይቻላል። ወራቱም ለውጥ ያመጣል፦ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ በስተደቡብ ስለሆነች የድንጋዩ ሰሜናዊ ገጽ በጥላ ውስጥ ይውላል፤ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ታልፍና ያንን ገጽ በቀጭኑ ትዳስሰዋለች፤ ደመናው ከፈቀደ። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስም እንዲሁ ነው። 12 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ስለቆመ ጠዋትና ማታ የግድግዳው ታችኛ ክፍል በጥላ ይዋጣል፤ ፀሐይ ወደ ታች የምትገባው ከፍ ስትል ነው፤ የግድግዳውን እርከኖችና የመስኮቶቹን ክፈፎች የምታጎላውም ያን ጊዜ ነው። የጸሐፊውን ምክር ሰምቶ በቀትር ካሜራውን ያጠፈ ሰው ይህን ሁሉ ያጣል።

የመጨረሻ ቃሌ በጽሑፉ ምክንያት በስልክ ዙሪያ የሚቆም ክብ መብራት ለገዙ ሻጮች ነው። መብራቱን አትጣሉት፤ ከስልኩ ዙሪያ አውጡት ብቻ። ስልኩን በማቆሚያው ላይ ተዉት፤ መብራቱን ከዕቃው በስተግራ ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ፣ አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ አቁሙት፤ ፊቱን በነጭ ስስ ጨርቅ ሸፍኑት። በቀኝ በኩል ነጭ ካርቶን አቁማችሁ ጥላው እንደ ከሰል እንዳይጠቁር አድርጉ። የክፍሉን ሌላ መብራት አጥፉ። ከዚያ ፎቶውን ከማንሳታችሁ በፊት መብራቱን በእጃችሁ ይዛችሁ በዕቃው ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አንድ ጊዜ ዙሩ፤ ዓይናችሁን ከስክሪኑ ላይ ሳትነቅሉ።